የእናቴ የሐር ሻሽ

ስለ ሴቶች ሻሽ ለመጻፍ ብዕሬን ያነሣሁት እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬም ገና ሃያ ስድስት ዓመት ነው። አንባቢዎቼ «ይህ ወጣት ጠመኔውን ትቶ ጨርቅ ነጋዴ ሆነ እንዴ?» ሳይሉኝ አይቀሩም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በሕይወቴ ከተማርሁት ኹሉ ይልቅ በውድ ዋጋ የተማርሁት ይህን ስለ ሆነ፥ ሌላው በርካሽ ይማረው ብዬ ነው።

እናቴ አንድ የሐር ሻሽ ነበራት። ታላቅ እኅቷ በፈረንሳይ አገር ስትኖር ገዝታ የላከችላት ነው። አክስቴ ወደ አገሯ ሳትመለስ እዚያው ስላረፈች፥ ከእርሷ በቤታችን የቀረው ሁለት ፎቶግራፍና ያ ሻሽ ብቻ ነበር። መደቡ ሰማያዊ፥ ዙሪያው ወርቅማ ቢጫ ነው። እናቴ የምታስረው ለጥምቀት፥ ለፋሲካና ለሠርግ ብቻ ሲሆን፥ ከዚያ በቀር በነጠላ ተጠቅልሎ ከሣጥን ውስጥ ይተኛ ነበር።

የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ቤት ሄድሁ። ሻሹን ባየው ራሷን ከተቀባችው ቅቤ የመጣ እድፍ መካከሉ ላይ ይዞታል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት «ዛሬስ ላስደስታት» ብዬ ውሃ አፈላሁ፤ የዱቄት ሳሙና በተንሁበት፤ እድፉ አልለቅ ቢለኝ ደግሞ በረኪና አፈሰስሁበት። ከዚያም እንደ አቡጀዴ ጠምዝዤ ጨመቅሁና ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ማታ ስናነሣው ሰማያዊው ከቢጫው ተደባልቆ፥ በረኪና የነካው መካከሉም በጣት ሲነኩት የሚበጣጠስ ሆኖ ተገኘ። እናቴ ዳሰሰችው። «ይሁን ልጄ፥ ዕቃ ነው» አለችና አጣጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። የዚያን ዓመት ፋሲካ በነጭ የጥጥ ሻሽ አሳለፈች።

ተመርቄ ሥራ እንደ ያዝሁ የመጀመሪያ ወር ደመወዜን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው የሚያብረቀርቅ ሻሽ ዘርግቶ «ጋሼ፥ ንጹሕ ሐር ነው! ሳቲን ነው!» አለኝ። ቀለበቱን አውልቆ ጨርቁን በቀለበቱ አሾልኮም አሳየኝ። እኔም ከደመወዜ ሩቡን ከፍዬ ወሰድሁ። እናቴ መረቀችኝ፤ በየእሑዱም ታስረው ጀመር። ዕዳዬን የከፈልሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህንኑ ለኬሚስትሪ አስተማሪው ባጫውተው፥ «ወንድሜ፥ ሳቲን ነው ካለህ ስለ አሸማመኑ ነገረህ እንጂ ስለ ክሩ መች ነገረህ?» ብሎ ሳቀብኝ። በውነትም ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳቲን፥ ሺፎን፥ ክሬፕ፥ ትዊል የሚባሉት የጨርቁ አሠራር ስሞች ናቸው። ሳቲን ክሩ በላይ በላይ እየተንሳፈፈ ስለሚሸመን ያብረቀርቃል፤ ሺፎን ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ክሬፕ ክሩ እጅግ ስለሚከረር ፊቱ ሻከር ይላል፤ ትዊል ቀረብ ብለው ሲያዩት ጥቃቅን ሰያፍ መስመሮች ይታዩበታል፥ ቋጠሮም አጥብቆ ይይዛል። እነዚህ ኹሉ ከሐር ሊሠሩ ይችላሉ፤ ከፖሊዬስተርም እንዲሁ። የቀለበቱም ፈተና ጨርቁ ስስ መሆኑን ብቻ ይናገራል።

ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ከሻሹ ጠርዝ ሁለት ክር መዝዤ አመጣሁለት። በመቈንጠጫ ይዞ እሳት አስነካው። ክሩ ቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ቀረ። «ሐር ቢሆን ኖሮ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸት ነበር፤ አመዱም በጣት ሲያሹት ይደቅ ነበር» አለኝ። የገዛሁት ፖሊዬስተር ነው።

«የፊተኛው ሻሽ ግን ምን ሆኖ ሞተ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን በቃል አልነገረኝም፤ ከፀጕር አስተካካይ ጥቂት ጠጕር አስመጥቶ በብርጭቆ በረኪና ውስጥ ነከረልኝ። በማግሥቱ ስናየው ጠጕሩ ሟሙቷል። ሐርም እንደ ጠጕር ፕሮቲን ነው። ትሉ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል እየበላ ካደገ በኋላ ከአፉ በሚያወጣው ፈሳሽ ራሱን ይጠቀልላል፤ ከአንዱ ድቡልቡል ጎጆ የሚተረተረው ክርም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። በረኪና ያንን ያሟሟዋል፤ እድፍ እንዲያጠፉ ተብለው ከሚሠሩት የዱቄት ሳሙናዎችም ብዙዎቹ ፕሮቲን የሚበላ ቅመም አለባቸው። ሐር ውሃ ሲነካው ደግሞ ጕልበቱ ይቀንሳል። እንግዲህ እኔ በደከመበት ሰዓት ጠምዝዤ ነው የጨረስሁት።

ሐር ላገራችን እንግዳ አይደለም። ፕሮኮፒዮስ የተባለው የቢዛንጥያ ታሪክ ጸሐፊ እንደ ተረከው፥ በ531 እ.ኤ.አ. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ፥ ሐሩን ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ዐፄ ካሌብን ለምኖ ነበር። ነገር ግን የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚደርሱበት ወደብ ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን ኹሉ ስለሚገዙ ውጥኑ ሳይፈጸም ቀረ። በዘመናችንም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ኤሪ የተባለውና የጉሎ ቅጠል የሚበላው የሐር ትል ሲጠና ቆይቷል። የእርሱ ክር እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ አይተረተርም፤ መልኩም ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ኹሉ ሐር አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን፥ ሐርም ኹሉ እንደማያብረቀርቅ ልብ ይሏል።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ይህ የኔ የሒሳቡ ክፍል ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. የፈረስ ዕቃ በመሥራት የተቋቋመው የፓሪሱ ኤርሜስ ቤት የመጀመሪያውን ባለ አራት ማዕዘን የሐር ሻሽ ያወጣው በ1937 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ እጅግ የታወቀው መጠኑ 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨርቁ ትዊል፥ ጠርዙም በእጅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ነው። ሌሎች ቤቶችም ይህንኑ መጠን ይሠራሉ፤ 45፥ 70 እና 140 ሴንቲ ሜትር የሆኑም አሉ። ሻሹ በሰያፍ ሲታጠፍ ርዝመቱ በፓይታጎራስ ሕግ ይገኛል። የ90ው 127 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያው 56 የሆነ ራስ ከታሰረበት በኋላ በየወገኑ 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለቋጠሮ ይተርፋል። የ70ው 99 ስለሚሆን በየወገኑ 21 ተኩል ያህል ይተርፋል፤ ለጥብቅ ቋጠሮ ይበቃል። የ45ው ግን 64 ብቻ ስለሆነ በየወገኑ የሚተርፈው 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለአንገት እንጂ ለራስ አይሆንም። የ140ው ደግሞ ትከሻ ላይ የሚጣል ነው። እንግዲህ ለእናቱ ወይም ለእጮኛው ሊገዛ የሚሻ ሰው «ስንት ብር ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ልታስረው ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በጨርቁ ላይ የተሰፋውንም ምልክት ያንብብ፤ ሐር በእንግሊዝኛ ሲልክ፥ በፈረንሳይኛ ሷ፥ በጣሊያንኛ ሴታ ተብሎ ይጻፋል።

አጠባውም ከባድ አይደለም። አስቀድሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በአንዱ ጥግ ላይ መጫን ነው፤ ቀለም ከለቀቀ በቤት አይታጠብም፥ ለደረቅ እጥበት ይሰጣል። ካልለቀቀ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ሳይዘፈዘፍ በፍጥነት ይታጠባል። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይመጠጣል፥ ከዚያም በጥላ ይዘረጋል። ጥቂት እርጥበት ሳለበት በውስጥ ገጹ፥ በቀዝቃዛ ካውያ ይተኰሳል፤ ተጠቅልሎ የተሰፋው ጠርዝ ግን አይጫኑትም። ሽቶ የሚቀቡ ሴቶች ሽቶው ከደረቀ በኋላ ይሰሩት። ቅቤ የተቀባ ራስም አስቀድሞ የጥጥ ሻሽ ይሰርበት፤ ሐሩ ከዚያ በላይ ይሁን።

ይህን ኹሉ ካወቅሁ በኋላ አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ በየእሑዱ የምታስረው ፖሊዬስተር መሆኑን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ብዙ ሳምንት አመነታሁ። ተማሪ ቢኰርጅ የምቀጣ ሰው ነኝና ዝምታው አልተስማማኝም። በበዓለ ሃምሳ ወደ ቤት ሄጄ ቡና ስታፈላ «እማዬ፥ ያ ሻሽ ሐር አይደለም፤ ተታልያለሁ» አልኋት።

ከጀበናው ዓይኗን ሳታነሣ «ዕድሜዬን ጥጥ ስፈትል የኖርሁ ሴት ክር ይጠፋኛል ብለህ ነው?» አለችኝ። «እጄ እንደ ገባ ዐውቄዋለሁ። ያልበኛል፤ ጠጕሬንም ይይዘኛል። ልጄ ገዛልኝ ብዬ አሰርሁት።» ጥቂት ቆይታም «ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ግን ሐር ነው እያልሁ ዋሽቼልሃለሁ። በመቍረቢያዬ ዕድሜ ዋሸሁ» አለች። ይህ ቃል ከተቃጠለው ሻሽ ይበልጥ አሳዘነኝ። እኔ ባለመጠየቄ እርሷ መዋሸት ግድ ሆኖባት ነበር።

ከዚያ ተነሥታ አሮጌውን ሻሽ ከሣጥኑ አወጣችው። ለካስ አልጣለችውም። በመስኮቱ ብርሃን ዘርግተን መረመርነው። መካከሉ የማይረባ ነው፤ ቀለሙም ደብዝዟል፤ አንደኛው ጥግ ግን ክሩ ደኅና ነበር። በማስመሪያዬ ለካሁት፤ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣው። የሠፈራችን ሰፊ ቈርጦ የተቈረጠውን ጠርዝ በእጁ እየጠቀለለ ሰፋው። ሁለቱ ጠርዞች ግን እዚያው ፈረንሳይ አገር የተሰፉት ናቸው።

ለራስ አይበቃም። እናቴ በአንገቷ ላይ አስራው ባለፈው ጥምቀት ወጣች፤ አንዲት ጎረቤታችን «ሐር ነው?» ብላ ስትጠይቃት አጠገቧ ቆሜ ነበር። «አዎን፥ የእኅቴ ነው» አለቻት።