ልጅ ያየውን ይረሳል?

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት ስለሆኑ ለሠራተኛ እናት የሐሳብ ወራት ናቸው። ልጆቹን ማን ይጠብቃቸው፣ ዝናቡ ሲጥልስ ምን እየሠሩ ይዋሉ እያለች፣ እጇ ከሥራዋ ላይ ቢሆንም ልቧ ቤቷ ነው። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ቤት መዋሉ ራሱ ስለሚያስፈራቸው ልጆች ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት ከባሏ ዱላ ሸሽታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ እኛ ግቢ ቤት ተከራየች። ታላቁ ልጅ ያን ጊዜ 9 ዓመቱ ነበር። በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ወንድ ድምፁን ከፍ ካደረገ ታናሽ እኅቱን እጇን ይዞ ጓዳ ይገባል። ቡና ላይ ነገሩ ሲነሣ ጎረቤቶች፣ «ተይው እኅቴ፣ ልጅ እኮ ነው፤ ይረሳዋል» እያሉ እናቲቱን ያጽናኗት ነበር። እኔን ግን አልተዋጠልኝም።

በመሠረቱ ልጅ አይረሳም። በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ከተማ ከ9,500 የሚበልጡ ዐዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው፣ ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ እናታቸው በቤት ውስጥ ትደበደብ እንደ ነበረ ነው። በልጅነት የታየው መከራ በበዛ ቁጥር፣ በጉልምስና ዕድሜ የመጠጥ ሱስ፣ የመንፈስ ጭንቀትና የልብ በሽታ የማግኘት ዕድሉም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን የልጁ ዕጣ ተቈርጧል ማለት አይደለም።

በዚያችው ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. የከተማው ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኬሲ ጉዊን፣ በቤታቸው ዱላ እያዩ ላደጉ ልጆች ካምፕ ሆፕ፣ ማለትም «የተስፋ ካምፕ» የተባለ የዕረፍት ወራት ካምፕ አስጀመሩ። ልጆቹ ይዋኛሉ፤ ገመድ ይወጣሉ፤ ማታ እሳት ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንድ ልጅ ፈርቶ ገመዱን አልወጣም ካለ የሚያስገድደው የለም። በሌላ ሰው ቁጣ ሥር ለኖረ ልጅ «እምቢ» ማለቱ መከበሩ ራሱ መድኃኒት ነው። በእሳቱ ዙሪያም እያንዳንዱ ልጅ በታየበት መልካም ጠባይ ይመሰገናል። ከሁሉ በላይ፣ እንዲህ ያለውን ያየሁ እኔ ብቻ አይደለሁም ብሎ ይረዳል።

የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልጆቹን ተስፋ 6 ጥያቄዎች ባሉት መጠይቅ ለክተው፣ ከካምፑ በኋላ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ተስፋ የሚሉትም ባዶ ምኞትን አይደለም፤ የሚፈልጉትን ማወቅ፣ መንገዱን ማየትና «እችላለሁ» ማለት ነው። ካምፑ የጥቂት ቀን ነገር ስለሆነ፣ ልጆቹን ከዚያ በኋላም እየተከታተለ የሚያበረታታ ሰው እንዲኖራቸው ይደረጋል።

ለዚህ ሁሉ የግድ ሐይቅና ገመድ አያስፈልግም። ባለፈው ክረምት በግቢያችን ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስበው ጎመን ያስተክሉ ጀመር። ያ ልጅ ሦስት ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ተመለከተ። ጋሼም «ና» ብለው አልወተወቱትም፤ መደቡን ብቻ አሳይተው፣ «ይህ ያንተ ነው፤ ይጠብቅሃል» አሉት። በአራተኛው ቅዳሜ መቈፈሪያውን አነሣ። ድኗል አልልም፤ በር ሲዘጋ ዛሬም ይደነግጣል። ጓዳ መግባቱን ግን ትቷል።

እናቶች፣ አንድ ነገር እንወቅ፤ ዱላው እስካልቆመ ድረስ ካምፕም ሆነ ጎመን ልጅን አያድነውም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል፤ ስለዚህ ነገሩ የጓዳ ምስጢር ብቻ አይደለም። ልጁ በእንቅልፉ የሚጮኽ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ እንደሆነ ደግሞ አንቈጣው፤ ወደ ሐኪም እንውሰደው። ከዚያ በተረፈ ልጁ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ሊናገር ሲፈልግ «ዝም በል» የማይለው ጆሮ፣ የራሱ የሆነ ትንሽ ሥራ፣ በቀጠሮው ቀን የማይቀር አንድ ታላቅ ሰው ነው። ክረምቱ ሁለት ወር ነው፤ ይህን ለመጀመር ይበቃል።