ጠጋ በሉ

ቡና የሚጠጣው በጥሪ ነው። የጎረቤት ልጅ በር ላይ ቆማ «ቡና ጠጡ ብላለች እማዬ» ካላለች በቀር፣ ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ ሰው ቤት ረከቦት ፊት አይቀመጥም። ከተቀመጠ በኋላም አቦልና ቶናው አልፎ በረካው ሳይቀዳ ብድግ ማለት ያስወቅሳል። ደስ የሚል ሥርዓት ነው፤ ግን ቤትና ጎረቤት ላለው ሰው የተሠራ ሥርዓት ነው። ለቀጠሮ ከገጠር የወጣውን ባለጉዳይ ማን ይጥራው? መኪናው መንገድ ላይ የቆመችበትን ሹፌር፣ ደመወዙ ገና ያልወጣለትን አዲስ ተመዳቢ መምህር፣ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን የገበሬ ልጅስ? የቡና አገር በሆነችው ኢትዮጵያ ሻይ ቤት በየመንደሩ የበቀለው ለእነዚህ ሰዎች ነው ብዬ አምናለሁ። ሻይ ቤት ጠሪ አያስፈልገውም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ መግባት ብቻ ነው።

እኔ የምወደው ሻይ ቤት ያለው ሐይቅ ከተማ ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የምትገኝ የወሎ ከተማ ናት። አገር የሚያውቃት በውኃዋና በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው የተማሩት እዚያ ነው። ገዳሙን ለመሳለም የሚመጣው ምእመን፣ ዓሣ ለመብላት ከደሴ የሚወርደው ወጣት፣ ጭነት ይዞ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ የሚያልፈው ሹፌር ሁሉም በዚያች መንገድ ያልፋሉ፤ ብዙዎቹም እትዬ ቤት ጎራ ይላሉ። ቤቱ የተጻፈ ስም የለውም። ባለቤቷን ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ይላቸዋል፣ ቤቱም እትዬ ቤት ነው።

እሳቱ የሚቀጣጠለው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ጭነት መኪኖች ጉዞ ሳይጀምሩ መድረስ አለበት። ትልቁ ማንቆርቆሪያ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ይዞ ከሰሉ ላይ ይጣዳል። ሻይ ቅጠሉ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። በትንሿ ማንቆርቆሪያ ለብቻው ጥቁር እስኪል ይፈላና፣ «ወፍራም» ላለ በርከት ተደርጎ፣ «ቀጭን» ላለ ጠብ ተደርጎ በቅመሙ ውኃ ይሞላል። በዚህ አሠራር ማንም የሌላውን ሻይ አይጠጣም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚስማማው መጠን እትዬ እጅ ላይ አለ። ቡናም ሻይም የሚያምረው «ስፕሪስ» ይላል፣ ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ ይቀዱለታል። ጉንፋን የያዘው ሎሚ ይጨመቅለታል። ከጎን ደግሞ ቦምቦሊኖው ገና ዘይቱ ሳይደርቅ በሳፋ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ያቺ ትንሽ ብርጭቆ ስንት አገር እንደያዘች ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአገራችን ሻይ ቅጠል በብዛት የሚለቀመው ከፋ ውስጥ በውሽውሽና ኢሉ አባ ቦራ ውስጥ በጉማሮ እርሻዎች ነው፤ ዝናብ የማያጣቸው የደቡብ ምዕራብ ደጋዎች ናቸው። ስኳሩ የቆላ አገዳ ነው። ወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ነበር። ቅጠሉ የከፋን ዝናብ፣ ስኳሩ የአዋሽን ውኃ ጠጥቶ አድጎ ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን እፍ እፍ የሚለው ሹፌር ነው።

አግዳሚው ነው ዋናው ነገር። እትዬ ቤት ለአንድ ሰው የተሠራ ወንበር የለም። በግድግዳው ዙሪያ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ መሐል ላይ ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አለቀ። የገባ ሰው «እንዴት ዋላችሁ፣ እስኪ ጠጋ በሉ» ይላል፤ የተቀመጠውም ሳያጉረመርም ይጠጋል። ትከሻህ ከማታውቀው ሰው ትከሻ ጋር ከተነካካ በኋላ ዝም ማለት አይቻልም። ከየት ነህ ይባላል፣ ዝናቡ እንዴት ነው ይባላል፣ ጤፍ ስንት ገባ ይባላል፣ ከዚያ ወሬው የራሱን መንገድ ይይዛል።

አንድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገበሬ ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና አጠገባቸው ላለው ወጣት መምህር «ልጄ፣ ይቺን እስኪ አንብብልኝ፤ እኔ ያልኩትን ጽፎ እንደሆን» አሉት። ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ያዘጋጀላቸው የድንበር ክስ ነበር። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ፤ አዛውንቱ «ከፍ አርገው፣ የምደብቀው የለኝም» አሉት። ቤቱ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ሲያልቅ ከወዲያ ጥግ ዳማ በቆርኪ ይጫወት የነበረ ሰው «የምስክሮቹ ስም የታለ?» ብሎ ጠየቀ። እውነትም የለም። ሌላው ስለ መሬት መታወቂያ ደብተሩ ጠየቀ። አንድ ሼህ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ እንደሆነ ጠየቁና፣ ተከሳሹ በእናቱ በኩል የሚያውቋቸው ሰዎች ልጅ መሆኑ ሲነገራቸው «አብሽር፣ እኔም አናግረዋለሁ» አሉ። መምህሩ ከደብተሩ ወረቀት ቀዶ የምስክሮቹን ስም እየጠየቀ ጻፈ። የሻዩን ሒሳብ ማን እንደከፈለ አላየሁም፤ አዛውንቱ ኪሳቸውን ሲዳብሱ «ተከፍሏል» ነው የተባሉት። ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ መምህሩ አብሯቸው ሄደ።

እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው ሰዎቹ ከሌላው ሰው የተለየ ደግ ልብ ስላላቸው አይደለም። ተቀራርበው ስለተቀመጡ ነው። እነዚያው ሰዎች እያንዳንዳቸው በየጠረጴዛቸው ስልካቸውን ይዘው ቢሆን ኖሮ አዛውንቱ ወረቀቱን ለማንም አያሳዩም ነበር።

ወሎ ውስጥ ሻይ ቤት ሌላም ጸጋ አለው። ወተት ያልገባበት ሻይ በጾም ወቅትም አይቀርም። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ከቅዳሴ መልስ ይጠጣዋል። በረመዳን ደግሞ እትዬ ቀን ማንቆርቆሪያውን ገለል አድርገው፣ ማታ መግሪብ ሲጠራ ተምሩንና ሳምቡሳውን ይደረድራሉ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ የሙስሊሙን አፍጥር ሰዓት ግን በደቂቃ ያውቃሉ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም አላመሰገናቸውም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ስንቱ በር ተዘግቶ ከረመ። ቀኑ ሲያልፍ ሰው ወዲያው የፈለገው መጋረጃው ተገልጦ እሳቱ ነድዶ ማየትን ነበር፤ የሞተውንና የተረፈውን የሚጠያየቀው እዚያ ነውና።

እትዬ በዚህ ማንቆርቆሪያ ልጆች አሳድገው አስተምረዋል። ጎንበስ ብለው የሚውሉበት ጢስ ዓይናቸውን ጎድቶታል። ሻይ ቤቱ የወንዶች መዋያ ይመስላል፤ የሚያቆመው ግን የአንዲት ሴት ጉልበት ነው፤ ስለ ወሬው ሲነሳ ይህን መዝለል ግፍ ነው። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡት ሴቶች አግዳሚው ላይ አይቀመጡም፤ እሳቸው ዘንድ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ስበው ይጠጣሉ፤ የእነሱም ወሬ ለብቻው ነው።

አሁን ስኳር ሲጠፋ ሰንበት ይላል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ብርጭቆው ትንሽ አንሷል፤ ሁሉም አይቷል፣ ማንም አልተናገረም። ከመንገዱ ማዶ ጥሩ ካፌ ተከፍቷል፤ ንጹሕ ነው፣ ማኪያቶውም ጥሩ ነው፤ ክፉ የምለው የለኝም። ግን ወንበሩ ለአንድ ለአንድ ሰው ነው፣ የጠጣህበትም ሒሳብ ቶሎ ይመጣል።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች እየሰፋ ነው። መንገዱ ይስፋ፣ የእግረኛ መሄጃው ይመር፣ መብራቱ ይብራ፤ ሐይቅም ይገባታል። ነገር ግን በፕላኑ ላይ መስመር የምታሰምሩ መሐንዲሶችና የየከተማው ከንቲባዎች፣ ባንክና ሕንፃ ስትመድቡ ለሻይ ቤትም ጥቂት ካሬ ሜትር አስቀሩ። ጢስ የማያቆይ ምድጃ፣ የሚፈስ ውኃ፣ እናቶች የሚችሉት ኪራይ ያለበት ጠባብ ቤት ይበቃል። አግዳሚውን ግን አታንሱት። አንቺም፣ አንተም፣ በዚያ መንገድ ስታልፉ መኪናው ለዓሣ ሲቆም ወረድ በሉና ግቡ፤ ቦታ የለም እንዳትሉ፣ ይጠጉላችኋል።