ዘውዱና እምባቦ
የደብረ ማርቆስ ጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተን ዓባይ በረሃን ወርደን ደጀን ስንወጣ አየሩ ተለወጠ፤ ጋቢ የሚያስደርብ ነፋስ ተቀበለን። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ1845 ዓ.ም. መንቆረር ብለው የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የሄድኩት የንጉሡን ቤተ መንግሥት ለማየት ነበር። ከቅጥሩ ሥር አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ንጉሡ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የሚመጣው ሁሉ ስለ ዘውዱ ነው የሚጠይቀኝ፤ ስለ እምባቦ ግን ማንም አይጠይቀኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ዘውድ ሲጭኑ ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ሆኖ «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» ተባሉ። ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ ነው፤ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ቡናው የሚመጣበትን ያን አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ «የከፋ ንጉሥ» መባሉም ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ሣር ውኃ ላይ በሱዳን ድርቡሽ ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። እኒሁ ንጉሥ በ1888 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር አድዋ ዘመቱ። ለእኔ ትልቅነታቸው የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ማራኪያቸውን ተከትለው ለአገር ዘመቱ።

በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ከተማዋ የጎጃም ገዢዎች መቀመጫ ሆና ቀጠለች። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው የታሰሩትን ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተጠርጥረው ከሥልጣን ወረዱ፤ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር አብረው፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እጃቸውን ሰጡ። ይህንንም ቢሆን ልንደብቀው አይገባም።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ልመለስ፤ በአዲስ አበባ የምኒልክ ግቢ መንግሥት እየሠራበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። ሥራና ጉብኝት አንድ ግቢ ውስጥ አብረው መሆን ይችላሉ ማለት ነው። የደብረ ማርቆሱም ቤተ መንግሥት እንዲሁ ይጠበቅ፤ አስጎብኚዎችም ከዘውዱ ቀጥለው እምባቦንና ሣር ውኃን ይንገሩን። ወደ ጎጃም የምትሄዱ ሁሉ፣ በከተማዋ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ አዛውንቶቹን ጠይቁ።