ጨው ከሥር ይበላል

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ። በፈረንጆቹ ጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ካስወጣች በኋላ ፋብሪካውን ለቆ ሰው በማመላለስ ሥራ ነው የሚተዳደረው። አሁን ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። «ሴራሚክ ላስቀባው ነው» አለኝ። «አንተ በረዶ አገር ነህና መቼም ታውቀዋለህ። የራስህን አስቀብተሃል አይደል?»

አላስቀባሁም። ምክንያቱን በስልክ ነግሬ መጨረስ ስላቃተኝ ይኸው ጻፍኩት።

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል የገባሁት በ2018 መጨረሻ ነው። ወር ሳይሞላኝ፣ ጥር 30 ቀን 2019 (በፈረንጆቹ)፣ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሆነ። ቦሌ ለሚ የኅዳር ንጋት ላይ የሠራተኛ ሰርቪስ ስንጠብቅ እጃችንን በብብታችን የምንሸጉጥበት ብርድ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ከብርዱ ይልቅ ግን ያስገረመኝ ጨው ነው። አገሬ ከአፋር በግመል ተጭኖ የሚወጣው፣ አሞሌ እየተባለ እንደ ገንዘብ ሲያገበያየን የኖረው ጨው፣ እዚህ በትልልቅ መኪና ተጭኖ አስፋልት ላይ ይበተናል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ብቻ በዓመት 350 ሺህ ቶን ገደማ እንደሚፈስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አስልቷል። ተራው ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በረዶ የማቅለጥ ኃይሉ ስለሚደክም ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባሉትን ይጨምሩበታል። እነዚህ ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳቡ ብረቱ ላይ ረጥበው ይቆያሉ።

የሴራሚክ ነገር የመጣው መኪና ልገዛ ስዞር ነው። የስምንት ዓመት ራቭ ፎር አገኘሁ። ባለቤቱ ሴራሚክ ያስቀባበትን ደረሰኝ ሳይቀር አሳየኝ። ኮፈኑ ላይ ውሃ ሲረጭበት ጠብታው ጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ዝናብ ተንከባሎ ወረደ። ልቤ እዚያው ቀረ። ገንዘቡን ቆጥሬ ልሰጠው ስል አንድ ወዳጄ «መጀመሪያ ጋሼ ጋ ውሰደው» አለኝ።

ጋሼ ድሮ አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ባትላሜራ የነበሩ፣ አሁን እዚህ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አዛውንት ናቸው። የመኪናውን ፊት ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በሊፍት ወደ ላይ ሰቀሉት፤ ካቻቢቴ አንሥተው ከስፖርቴሎው ሥር ያለውን ላሜራ ወጋ አደረጉት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ብረቱ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ እግራችን ሥር ወደቀ። ከዚያ የፍሬን ዘይት የሚያመላልሰውን ቀጭን ቱቦ በጣታቸው ሲነኩት ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሣ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ሰውዬ የቀባው ፊቱን ነው። ጨው ግን ፊት አይበላም።»

አፈርኩ፤ ምክንያቱም ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቦሌ ለሚ ሥራዬ የጥራት ቁጥጥር ነበር። እዚያ የመጀመሪያው ቀን የተማርኩት ሸሚዝ ሲመጣልኝ ገልብጬ እንዳይ ነው። ከፊቱ ሲያዩት የሚያምር ልብስ ሲገለበጥ ስፌቱ የዘለለ፣ ጠርዙ ያልተያዘ ሆኖ ይገኛል። ስንቱን ሸሚዝ ገልብጬ መልሻለሁ! መኪናውን ግን ከፊቱ አይቼ ልገዛው ነበር።

በኋላ ነገሩን አጥብቄ ጠየቅሁ። ሴራሚክ የሚባለው ከሲሊካ የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙ ላይ ሲደርቅ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ ፋብሪካው ራሱ ቀለሙ ላይ የሚያለብሰው ቫርኒሽ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ጥቅም የለውም አልልም። ጭቃና የጨው ውሃ አጥብቆ አይይዝበትም፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ቀለሙም ቶሎ አይደበዝዝም። ከፊት መኪና ጎማ የሚፈናጠር ጠጠር ግን ይሰነጥቀዋል። ሻንሲው፣ የፍሬን ቱቦው፣ የፓራፋንጎው ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይቀባም።

አቀባቡም ለኔ ዓይነቱ ኑሮ አይመችም። መኪናው ታጥቦ፣ ተፈትጎና ተወልውሎ ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ይቀባል፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ቀን ውሃ ሳይነካው መድረቅ አለበት። እኔ መንገድ ዳር ነው የማቆመው። ከዜሮ በታች 20 ሲሆን በእጅ ማጠብ አይታሰብም፤ ያለው የማሽን ላቫጆ ብቻ ነው። ብሩሹ ይጭረዋል፤ ብሩሽ የሌለው ማሽንም የሚረጨው ብርቱ ኬሚካል ሽፋኑን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል። የሞቀ ጋራዥ ያለው ሰውም ቢሆን አይዘናጋ። ደጅ የቀዘቀዘ ጨው እንደ ተኛ ነው፤ ጋራዥ ገብቶ ሲቀልጥ ይነቃና መብላት ይጀምራል።

ይህ የድሃ መኪና ጣጣ ብቻ አይደለም። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን የምናምነው ቶዮታ እንኳ ታኮማ፣ ተንድራና ሴኮያ የተባሉት መኪኖቹ ሻንሲያቸው በዝገት ስለተበላ በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጣው የሚችል ስምምነት ፈርሟል። ከዚያ በፊት፣ በ2015፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጨው በሚፈስባቸው 20 ግዛቶች የሚኖሩ ሰዎች የአሮጌ መኪኖቻቸውን የፍሬን ቱቦ እንዲያስፈትሹ አሳስቦ ነበር። ፍሬን እንግዲህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ራቭ ፎሩን ተውኩት። ጨው ከማያውቁት ከደቡብ ግዛቶች የመጣ፣ ኮፈኑ ፀሐይ ያደበዘዘው፣ ሥሩ ግን ጥርት ያለ ኮሮላ ገዛሁ። ለሴራሚክ የተጠየቅሁት 1,200 ዶላር ነበር። በዚያ ፋንታ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ በረዶ ሳይጥል፣ ጋሼ ሥሩን ከበግ ፀጉር በሚወጣ ቅባት ይረጩልኛል፤ 150 ዶላር እከፍላለሁ። ብርዱ ረገብ ባለ ቁጥርም ላቫጆ ወስጄ ሆዱን አሳጥበዋለሁ።

ወንድሜ፣ ወዳንተ ልመለስ። አዲስ አበባ ጨው አይበተንም። ያንተ ጠላት በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያቃጥለው ፀሐይና የጎሮ አቧራ ነው። ስለዚህ ሴራሚኩ ከኔ ይልቅ አንተን ይጠቅማል፤ ገንዘቡ ከተረፈህ አስቀባው። ብታስቀባውም ባታስቀባውም ግን መኪና የሚያጸዱልህ ልጆች ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እንዳይጠርጉት ከልክል፤ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቀዋል፤ ውሃ ይቅደም።

በረዶና ጨው ባለበት ከተማ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ መኪና ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በሊፍት አሰቅሉና ከሥሩ እዩት።