ስለ አንበሶቹና ስለ ታሰረችው ወፍ

ልጆች ሆይ፥ በሕይወት ያለ አንበሳ መጀመሪያ ያየሁት በ1985 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፥ በስድስት ኪሎ በነበረው አንበሳ ግቢ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ፤ ከወረታ ተነሥቼ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጕዤ ነበር። ከዚያ በፊት አንበሳን የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተሣለው ሥዕል ነው፤ በዚያም ነቢዩ ዳንኤል በጕድጓድ ውስጥ በአንበሶች መካከል ተቀምጦ ይታያል። የሥዕሉ አንበሶች ዓይናቸው እንደ ሰው ዓይን ትልቅ ነበረ፤ ፊታቸውም የሚያስፈራ አልነበረም።

አንበሳ ግቢን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር 1948 ነበረ። በዚያ ያየኋቸው አንበሶች ጐፈራቸው ጥቁር ነበረ፤ ጥቍረቱም ከአንገታቸው አልፎ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም.፥ ሊቃውንት የ15ቱን አንበሶች ዘር መርምረው፥ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ዘር የተለየ መሆኑን ጻፉ።

እኔ ግን በዚያ ቀን ስለ ዘራቸው አላሰብሁም። አንድ ወንድ አንበሳ ከግድግዳው እስከ ብረቱ ፍርግርግ ይሄድ ነበር፤ ከፍርግርጉም ሲደርስ በዚያው ስፍራ ዞሮ ይመለሳል። እንዲህ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። የሚመላለስበት መንገድ ከሌላው መሬት ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ጠባቂውንም፥ «ምን ፈልጎ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

እርሱም፥ «ምንም አልፈለገ፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው» አለኝ።

ያ መንገድ ከብዙ ዘመን በፊት ያየሁትን ሌላ መንገድ አሳሰበኝ። ያንንም ያደረግሁት እኔ ነበርሁ፤ ስለዚህ አሁን እነግራችኋለሁ።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጕማራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ያቋርጡታል፤ በክረምትም ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ውኃው ሲጐድል መልካም ሣር ይበቅላል፤ የፎገራም ላም በወተትዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ክረምቱ ካለፈ በኋላም ውኃ ይዘው ይቈያሉ። በዚያ ረግረግ አንዲት ታላቅ ወፍ ትኖራለች። ሰውነትዋ ጥቁር፥ ክንፍዋ ነጭ ነው፤ ጕንጭዋ ነጭና ቀይ ነው፤ በራስዋም ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ጠጕር እንደ ዘውድ ቆሞ ይታያል። እኛ ልጆች «ባለ ዘውድዋ» እንላት ነበር።

ዕድሜዬ ዐሥር ዓመት ያህል ሲሆን፥ በመስከረም ወር ጥጆች ስጠብቅ፥ የባለ ዘውድ ጫጩት ከሣር ውስጥ ተደብቃ አገኘሁ። ወላጆችዋ እየጮኹ በዙሪያዬ በረሩ። እኔ ግን በለምዴ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኋት፤ በጓሮም ችካል ተክዬ እግርዋን በገመድ አሰርሁ። በማግሥቱ ከእኔ ጋር ፊደል ለሚቈጥሩ ልጆች፥ «አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ያመጣ ያያታል» ብዬ ነገርኋቸው። ሁሉም ቆሎ ይዘው መጡ። እኔም እንደ ታላቅ ሰው ተቈጠርሁ።

ጫጩትዋ በችካሉ ዙሪያ ትዞር ነበር። ጤፍ በተንኋት፥ አልበላችም፤ እንጀራ ቈረስሁላት፥ አልነካችም፤ በገል ውኃ አቀረብሁላት፥ ጥቂት ጠጣች። በሦስተኛው ቀን በችካሉ ዙሪያ ያለው ሣር ተረግጦ ክብ መንገድ ሆነ። ወላጆችዋም በየማለዳው ከማሳው ዳር ቆመው ይጮኹ ነበር። ልጆቹ ጩኸቱን ለመስማት ማልደው ይመጡ ጀመር፤ እኔም በዚህ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን የኔታ መጡ። ወሬውን ከልጆቹ ሰምተው ኖሯል። በበትራቸው ተደግፈው ወፊቱን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ይህች ወፍ ምን ትበላለች?» አሉኝ።

«ጤፍ ሰጥቻታለሁ፥ የኔታ» አልሁ።

«የሰጠሃትን አልጠየቅሁህም፤ የምትበላውን ጠየቅሁህ።»

ዝም አልሁ።

«ወላጆችዋ ሌሊት ወዴት ያድራሉ?»

«አላውቅም፥ የኔታ።»

«እንግዲያስ ለልጆቹ የምታሳያቸው ምንድር ነው?»

የሚመታኝ መስሎኝ ራሴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን፥ «ነገ ከትምህርት ቅር። ከረግረጉ ዳር ተቀመጥ፤ አትነሣ፥ አትጩኽ፥ ድንጋይም አትወርውር። ማታ መጥተህ የጠየቅሁህን ትነግረኛለህ» ብለው ሄዱ።

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። በሜዳው ተወልጄ ያደግሁ ስሆን፥ ሜዳውን ያየሁት በዚያ ቀን ነው ብል ሐሰት አይሆንም። መጀመሪያ ወፎቹ ሁሉ ሸሹኝ፤ ዝም ብዬ በተቀመጥሁ ጊዜ ግን እንደ ድንጋይ ቈጥረውኝ ተመለሱ። ባለ ዘውዶቹ በእግራቸው መሬቱን ደጋግመው ይመቱ ነበር፤ ፌንጣው ከሣሩ ሲነሣ ፈጥነው ይለቅሙታል። ከዚያም የሣሩን ፍሬ ይለቅማሉ። ዳክዬዎች በውኃው መካከል ራሳቸውን እየደፉ ይበላሉ፤ ወደ ጥልቁ ግን ባለ ዘውዶቹ አይገቡም። አንዱ ስፍራ ለአንዱ፥ ሌላው ስፍራ ለሌላው ቤት ነበረ፤ በመካከላቸውም አጥር አልነበረም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ባለ ዘውዶቹ ተነሥተው በአንድ ዋርካ ላይ ዐረፉ። የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለ ሆነ ቅርንጫፉን ጨብጠው ያድራሉ። በኅዳር ከአውሮጳ የሚመጡት አመድማ ዘመዶቻቸው ግን እንዲህ ያለ ጣት የላቸውምና በዛፍ ላይ ማደር አይችሉም፤ ሌሊቱን ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ይህን የኋለኛውን ነገር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ከመጽሐፍ ነው።

ማታ ለየኔታ ሁሉን ነገርኋቸው። እርሳቸውም አንድ ቃል ሳይናገሩ ሰንጢያቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ገመዱን በቈረጥሁ ጊዜ እግርዋን አየሁ፤ ገመዱ ቈዳዋን ልጦት ነበር፥ እግርዋም አብጦ ነበር። ተሸክሜ ወስጄ ካገኘኋት ስፍራ አኖርኋት። በማግሥቱ ማለዳ ሁለቱ ወላጆችዋ ከእርስዋ ጋር ነበሩ፤ እርስዋ ግን እያነከሰች ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ሦስት ቀን ሦስቱን አየሁ፤ በአራተኛው ቀን ያየሁት ሁለቱን ብቻ ነው። ቀበሮ ይሁን፥ ጅብ ይሁን፥ የወሰዳትን አላየሁም። እግርዋ ደኅና ቢሆን ኖሮ ግን ትሸሽ ነበር። ቆሎውን ሁሉ በልቼዋለሁ፤ መመለስም አይቻልም።

ይህን የጻፍሁ አራዊትን የሚጠብቁትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። ዘሩ እያነሰ የሚሄድ አውሬ በመካነ አራዊት ቢጠበቅ መልካም ነው፤ ያን ጥቁር ጐፈር ያለውን አንበሳ እኔ በሌላ ስፍራ አላየውም ነበር። ከሰዎችም መካከል የኔታ የጠየቁኝን የመሰለ ጥያቄ የጠየቁ አሉ። ካርል ሐገንቤክ የሚባል ጀርመናዊ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም.፥ በሐምቡርግ ከተማ አጠገብ የብረት ፍርግርግ የሌለበት መካነ አራዊት ከፈተ፤ በሰውና በአውሬው መካከል ጥልቅ ቦይ አስቈፈረ፥ ለአውሬውም የአገሩን ዓለት የሚመስል ዓለት አሠራ። ሐገንቤክ አውሬ ነጋዴ ነበረ፤ ለትርፍም ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላ የብዙ አገር ሰዎች ይህን አሠራር ተከተሉ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ለአራዊት የተሠራ ስፍራ አለ። ከእናንተ አንዱ ወደዚያ ቢሄድ፥ አውሬው ምን እንደሚበላና ወዴት እንደሚያድር ጠባቂውን ይጠይቅ።

ስለ ፎገራ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ልጅ ሳለሁ ሩዝ ለአገራችን አዲስ እንግዳ ነበረ፤ ዛሬ ሜዳው በሩዝ ተሸፍኗል፥ በወረታም የሩዝ ምርምር ማዕከል ተሠርቷል። ገበሬው በበጋ ከሸሸርና ከወላላ ውኃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል፤ ውኃው ሲጐድልም የረግረጉን ዳር ያርሳል። ልጆቹን ሊያበላ ነውና እኔ አልፈርድበትም፤ የወንድሜም ልጆች ከዚያው ሽንኩርት ሽያጭ ደብተር ይገዛሉ። ረግረጉ ግን ጠብቧል። የጣና ባሕርና ዙሪያው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፎ እንዲጠበቅ ተወስኗል፤ ነገር ግን ወፊቱ መዝገብ አታነብብም፥ ውኃውን ትፈልጋለች እንጂ።

ባለፈው ጥቅምት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ረግረጉ ወረድሁ። አንድ ልጅ፥ «መምህር፥ ለማየት ስንት ይከፈላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፥ «ዝምታ ነው የሚከፈለው» አልሁት። ከውኃው ርቀን በሣሩ ላይ ተቀመጥን። ብዙ ጊዜ ምንም አልመጣም፤ ልጆቹም መሰልቸት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ባለ ዘውዶቹ ከረጅሙ ሣር ውስጥ እየረገጡ ወጡ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ በጣትዋ ቈጥራ፥ «ሦስት ናቸው፥ መምህር፤ አንድዋ ትንሽ ናት» ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

እኔም ደግሜ ቈጠርሁ።