ከምናለሽ ተራ እስከ ሸኖ፦ የእርሻ ዕቃ ፍለጋ

አባዬ ስልክ የሚደውለው ለሦስት ነገር ነው፤ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያገባ እና ማረሻ ሲያልቅ። ባለፈው ሚያዝያ የደወለው ለሦስተኛው ነበር። «ማረሻዋ ተበልታ ጉማጅ ሆናለች። ዝናቡም እያንዣበበ ነው። ካልተመቸሽ ግን ተዪው ልጄ፣ ከዚሁ ከገበያ አያለሁ» አለኝ።

«ተዪው» ያለበት ምክንያት ገብቶኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከአንድ የከተማ ሱቅ ሁለት ዶማ፣ አንድ አካፋና ሦስት ማጭድ ገዝቼ ልኬ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ እጀታቸው በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋቸው ከሌላው በግማሽ ያነሰ ዕቃዎች ነበሩ። በራሴ ብልጠት ተደስቼ ነበር። ሐምሌ ላይ ታናሽ ወንድሜ ከስንዴው ማሳ ውኃ ለማስወጣት ፈሰስ ሲቆፍር አንደኛው ዶማ ዛቢያው ከሚገባበት ቀዳዳ ላይ ተሰነጠቀና ብረቱ ተወርውሮ ቅልጥሙን ተረተረው። ሦስት ሳምንት ተኛ። አረሙን ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ባያነሳልን ኖሮ የዚያ ዓመት ስንዴ አረም በልቶት ይቀር ነበር። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔው ነበርኩ። አባዬ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይብስ ነበር። ወንድሜ ግን «እኔ እንደሆነ ከዚህ ክረምት በኋላ ከተማ እገባለሁ» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሱቅ አልገባሁም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ለባለቤቴ ትቼ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ወረድኩ።

መርካቶን የማያውቅ የለም፤ ምናለሽ ተራ ድረስ ዘልቆ የገባ የቤተሰብ ሸማች ግን ብዙ አይደለም። የቀድሞው ገበያ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። አሁን ወዳለበት ቦታ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ስሙም ከዚያው ቋንቋ የቀረ ነው። ምናለሽ ተራ ደግሞ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። መልሱ እዚያው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ የዘይት በርሜል፣ የመኪና ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ የፈረሰ ቤት ብረት። «ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈራችን የሚዞሩት ልጆች የሚሰበስቡት ዕቃ ብዙው መድረሻው እዚህ ነው። ከመግቢያው ጀምሮ መዶሻ ይጮሃል። ሰው ለመነጋገር ጆሮ ላይ ይጠጋል፤ ካልሆነም በእጅ ምልክት ይግባባል።

በርሜል ከሚቀዱትና ምድጃ ከሚሠሩት አልፌ ወደ ውስጥ ስዘልቅ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አገኘሁ። አንድ ወጣት ወናፉን ያናፋላቸዋል፤ እሳቸው በጉጠት የያዙትን የጋለ ብረት መስፍ ላይ አስቀምጠው ይቀጠቅጣሉ። ከጎናቸው የመኪና ባሌስትራ ተከምሯል። ቆሜ ጠበቅኩ። ብረቱን ውኃ ውስጥ ነክረው ጭሱ ሲበተን ቀና አሉ።

«ምን ልስጥሽ ልጄ?»

«ማረሻ፣ ዶማ፣ መኮትኮቻ፣ ማጭድ» አልኳቸው፤ እንደ በርበሬና ሽሮ ዘርዝሬ።

«መሬቱ ምንድን ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቅኩም። ሱቅ ውስጥ የጠየቀኝ አልነበረም። «ሸኖ ነው፤ መረሬ ነው፤ ከላይ በኩል ግን ድንጋያማ አለው» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንጋያማ መሬት የማረሻን ጫፍ ቶሎ ይበላል። መረሬ ደግሞ ሲርስ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ስለዚህ ረዘም ያለና ጫፉ ጠንከር ያለ ማረሻ እንደሚያስፈልገን ነገሩኝ። ማረሻ እየተሳለና እየተቀጠቀጠ ስለሚያጥር ሲገዛ ርዝመቱም ዕድሜው ነው።

ከዚያ ሁለት ዶማ አነሱ። አንዱን በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ነካ ሲያደርጉት ጠርቶ ጮኸ፤ ድምፁም ቆየ። ሌላውን ሲነኩት «ዷ» ብሎ ዝም አለ። «ይኼኛው ውስጡ ተሰንጥቋል። ዓይን አያየውም፤ ጆሮ ግን ይሰማዋል። ቀለም የሚቀባ ሰው ዓይንሽን ነው የሚያታልለው፤ ጆሮሽን አይችልም» አሉኝ። ያ ቀይ ዶማ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አንኳኩቼው ቢሆን ኖሮ አልኩ በልቤ።

ሁለተኛው ፈተና ሞረድ ነበር። የዶማው ስለት ላይ ሞረዱን በቀስታ ሲገፉት ተንሸራተተ፤ እምብዛም አልነከሰም። ከተራ የግንባታ ፌሮ የተሠራውን ሲሞክሩት ግን ሞረዱ ብረቱን እንደ እንጨት ላጠው። ልዩነቱ ከብረቱ ዓይነት ነው። ባሌስትራ የመኪና ክብደት ተሸክሞ እንዲተጣጠፍና እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ብረት ስለሆነ ግለው ሲነክሩት ይጠነክራል፤ ስለትም ይይዛል። ፌሮ ግን የፈለገውን ያህል ቢነከር ለስላሳ ነው፤ ስለቱ ሳምንት ሳይሞላው ይደንዛል። ያም ሆኖ ከመጠን በላይ የጠነከረም ክፉ ነው። ጥሩ ቀጥቃጭ የሚያጠነክረው ጫፉን ነው፤ ዛቢያ የሚገባበትን ጀርባ ለስለስ አድርጎ ይተወዋል። እዚያ ከጠነከረ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ሦስተኛው ቀዳዳው ነው። የብረቱ ሁለት ጫፎች ተጠቅልለው የተገናኙበትን መስመር በጣት ዳስሱት። ክፍተት ካለው፣ ወይም በብየዳ ነጥብ ነጥብ ብቻ ተይዞ ከሆነ ተዉት። ለአካፋ ደግሞ መሬት ላይ አስደግፋችሁ በእግር ጫን በሉት። ከታጠፈና ካልተመለሰ ላሜራው ስስ ነው። ከእጀታው ጀምሮ እስከ መሃሉ የሚወርድ ጎባጣ ጀርባ ያለው አካፋ ከዝርግ አካፋ ይልቅ ሸክም ይችላል።

ስለ እጀታ የሰጡኝ ምክር ገንዘብም አተረፈልኝ። «ብረቱን ብቻ ግዢ። ዛቢያ አባትሽ ያውቃል» አሉ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ እጀታ ብዙ ጊዜ እርጥብ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ይጠብና ብረቱ ይወልቃል። እጀታ ያለው ዕቃ መግዛት ግድ ከሆነ ግን የእንጨቱን መስመር ተመልከቱ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥሩ ነው። ወደ ጎን ከወጣ ወይም መሃል ላይ ጉጥ ካለው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ቫርኒሹ ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

መኮትኮቻው ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። «ለማን ነው?»

«ለእናቴ። አረሙ የእሷ ነው።»

«ቁመቷ? ክንዷስ?»

ዝም አልኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አጎንብሳ ስታርም አይቻታለሁ። የያዘችው መሣሪያ ይክበዳት ይቅለላት ግን ጠይቄያት አላውቅም። እዚያው ጩኸቱ መሃል ደወልኩላት።

«እማዬ፣ መኮትኮቻሽ ይከብድሻል?»

«ለእኔ ነው የምትገዢው?» አለች። ቀጥሎ ትንሽ ዝም ብላ «ያለኝ የአባትሽ ዶማ ቁራጭ ነው። ይከብዳል። ግን ይሠራል» አለች።

ለአዋቂው ስነግራቸው ከተሠሩት መሃል የቀለለውን፣ አፉ ጠበብ ያለውን መረጡልኝ። ማጭዱም ስለ ስንዴና ገብስ ጥርስ ያለው ሆነ፤ ጥርሶቹ እኩል ቁመት ያላቸውና ወደ እጅ ያዘነበሉ መሆናቸውን በአውራ ጣት አስዳሰሱኝ።

ዋጋው ካለፈው ዓመት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ተከራከርኩ፤ ትንሽ ቀነሱ። ከዚያ ራሳቸው ሂሳቡን ሠሩልኝ። እንበል አንድ ዶማ በ200 ብር ገዝታችሁ በአንድ ክረምት ቢሰበር፣ የክረምቱ ዋጋ 200 ብር ነው። በ500 ብር የተገዛው አምስት ክረምት ቢያገለግል፣ የክረምቱ ዋጋ 100 ብር ነው። በዚህ ላይ መሣሪያው በሥራ ሰዓት ሲሰበር የሚባክነው ቀን፣ የሚጎዳውም ሰው አለ። እኔ ይህን የመጨረሻውን ሂሳብ ማንም እንዲሠራልኝ አላስፈለገኝም።

ስሰናበት አንድ ነገር ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤ ሥራውን ከማን ተማሩት? «ከአባቴ» አሉ። «ያኔ ስማችን ክፉ ነበር።» ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ መሳደብ በአገራችን የቆየ በደል ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው በታሪክ ይታወቃል። አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ሽማግሌው ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማረሻ የሌለው እንጀራ የለም፤ ቀጥቃጭ የሌለው ማረሻም የለም።

እሑድ ማለዳ ላምበረት መናኸሪያ ነበርኩ። ረዳቱ ጆንያዬን ሲያነሳ «ምን ተሸክመሽ ነው እህቴ፣ ድንጋይ ነው?» እያለ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫነው። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ሸኖ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ጋቢ የሚያስለብስ ሌላ አገር ናት። በግራም በቀኝም አንዴ ታርሶ የተገለበጠ ጥቁር መሬት፣ የኩበት ቁልል፣ በጎች። ከመንገዱ ዳር አንድ ገበሬ ጥንድ በሬውን አቁሞ፣ ሞፈሩን ጋደም አድርጎ፣ ወገሉን በድንጋይ ሲያጠብቅ አየሁ። ስንዴ እስኪዘራ መሬቱ ሦስት አራት ጊዜ ይታረሳል። በእያንዳንዱ እርሻ ደግሞ ከሞፈር፣ ከቀንበር፣ ከድግርና ከእርፍ ሁሉ አፈሩን የምትሰነጥቀውና ቶሎ የምታልቀው ያቺ አንዲት ብረት ናት።

ቤት ስደርስ አባዬ ጆንያውን ደጅ ላይ ዘረገፈው። ማረሻውን አንስቶ በክብደቱ መዘነው። ከዚያ ከግንቡ ሥር ድንጋይ አነሳና ጆሮው አጠገብ አድርጎ መታው። ብረቱ ጠርቶ ጮኸ። አባዬ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ለካ ፈተናውን ድሮም ያውቀው ነበር። ባለፈው ዓመት ቀይ ዶማዎቹን ስልክለት ሳያንኳኳቸው አልቀረም፤ ሰምቶ ዝም ያለው የልጁ ስጦታ ስለሆነ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ለወንድምሽ ሳልነግረው መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ ከጣራ ሥር አድርቆ ያቆየውን ወይራ አወረደ። ዛቢያ የሚለካው በሚሠራበት ሰው ነው አለና ወንድሜን አቁሞ፣ ብረቱን መሬት አስነክቶ፣ እንጨቱን እስከ ደረቱ ለካው። ወንድሜ ቅልጥሙ ላይ ያለው ጠባሳ እየታየ ቆሞ ሳቀ። እናቴ መኮትኮቻዋን በአንድ እጇ አንስታ ሁለት ጊዜ አየሩን ቆፈረችና ወደ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ ጫፉ ላይ አፈር ነበረበት።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን ክረምት ሲቃረብ ለገጠር ቤተሰብ ዕቃ እንልካለን። ብትችሉ ሰኔ ሳይገባ፣ ሁሉም ሰው ሳይሻማ ግዙ። መሬቱን ጠይቁ፣ የሚሠራበትን ሰው ጠይቁ፣ እናቶቻችሁንም ጠይቁ። አንኳኩ፣ ሞርዱ፣ ቀዳዳውን ዳስሱ። ብረቱን ከከተማ፣ ዛቢያውን ከቤት አድርጉ። ከሥራ በኋላ ጭቃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ነገር ተቀብቶ ከጣራ ሥር የሚሰቀል መሣሪያ ዓመት ይጨምራል።

ወንድሜ ዘንድሮም ከተማ ስለመግባት ያወራል። ነገር ግን ማታ በኩራዝ ብርሃን አዲሱን ዶማ በሞረድ ሲያሹለው አይቼዋለሁ። ሊሄድ የተነሳ ሰው እንደዚያ ተጠንቅቆ አይስልም ብዬ ተጽናንቼ ተመለስኩ።