የማይቆርጥ ሰይፍ

ቀጥቃጭ ለብዙ ሺህ ዘመናት የደከመው ብረቱ ስለት እንዲያወጣ ነበር። በዛሬይቱ ሰሜን አሜሪካ ግን ሰይፉ እንዳይቆርጥ፣ አጥንት እንዳይሰብር፣ ዓይን እንዳያጠፋ ሌሊቱን የሚደክም የእጅ ሙያተኛ ይገኛል። የሥራ ቦታው የመኪና ጋራዥ ወይም የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው፤ ስንቁም ስል ቢላዋ፣ ማስቲሽና ትዕግሥት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ የተቋቋመ አንድ ማኅበር የአውሮፓን መካከለኛ ዘመን ፍልሚያ በራታን ዱላ ማስመሰል ጀመረ። ራታን ምሕረት የለውም፤ ራስ ቁርና ጥሩር ያስለብሳል፤ ጥሩርም ኪስ ያራቁታል። በ1977 በዋሽንግተን አካባቢ ብቅ ያለው፣ ስሙንም ከደራሲው ቶልኪን የፈጠራ ቋንቋ የተዋሰው ዳጎርሂር ዱላውን በስፖንጅ ጠቀለለና ጥሩር መግዛት ለማይችለው ወጣት በሩን ከፈተ። የጉግስን ዘንግ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ ጦርን አደንዝዞ መጫወት የአንድ ሕዝብ ብቻ ብልሃት አይደለምና። በ1983 አምትጋርድ በቴክሳስ፣ በ2001 ደግሞ ከዳጎርሂር የተለየው ቤለጋርት ተከተሉ።

የሰይፉ አከርካሪ የፋይበርግላስ ዘንግ ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይለምጣል፤ የለመጠ ሰይፍም ጋሻውን ዞሮ መቺው ያላሰበውን ቦታ ይገርፋል። ፋይበርግላስ ቀላልና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጫፉ ተንኮለኛ ነው፤ በክዳን ካልታሰረ ስፖንጁን ቀስ በቀስ በስቶ ይወጣል። ስፖንጁም የፍራሽ ስፖንጅ አይደለም። የፍራሹ ውሃ ይጠጣል፣ በቡጢ ይሰምጣል፤ የሚፈለገው አየሩ በየሕዋሱ ታሽጎ የቀረበት፣ ተጓዦች በድንኳን ውስጥ የሚያነጥፉት ዓይነት ነው። ሠሪው በረጅሙ ይሸነሽነዋል፤ ማስቲሹን ዘንጉንም ስፖንጁንም ይቀባል፤ ከዚያም ይጠብቃል። ችኩል ሰው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ ደርቆ በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ያልታገሠ፣ ሰይፉ ውሎ ሳያድር ይላላበታል። በመጨረሻ ጫፉ ይሰፋል፤ የሚወጋ ጫፍ በዓይን ጉድጓድ መግባት የለበትምና። በላዩም የጨርቅ ልብስ ይሰፋለታል። ጋሻ ከዚህ ይቀላል፤ ኮምፖርሳቶ ተቆርጦ ጠርዙ በስፖንጅ ይታሸጋል።

በጨዋታው ሕግ እጁን የተመታ እጁን ያጣል፣ እግሩን የተመታ ይንበረከካል፣ ደረቱን የተመታ ይሞታል። ዳኞች ቢኖሩም መመታቱን የሚናገረው የተመታው ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ሰይፉ አለመጉዳቱ ብቻ አይበቃም፤ ሊሰማም ይገባል። ስፖንጁ ሲወፍር ምቱ አይሰማም፣ ክርክርም ይነሣል፤ ሲሳሳ ሰንበር ያወጣል። የሙያው ምሥጢር በዚህች ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

መግዛትም ይቻላል። በላቴክስ ተለብጠው፣ ብረት መስለው የተቀቡ ሰይፎች በገበያ አሉ፤ መድረክ ላይ ቢወጡ ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች ብረት ናቸው ብሎ ይምላል። ግን የተፈጠሩት ቀለል አድርጎ ለመንካት፣ ትወና ለሚያይልበት ጨዋታ ነው፤ በሙሉ ክንድ በሚመታበት ሜዳ ቆዳቸው ይቀደዳል። ዐዋቂ ገዥ ከአንጋፋ ተፋላሚ እጅ ይገዛል። ሥራ የሚበዛበት ሰው ቢገዛ አያስነውረውም፤ ሆኖም ከሰይፉ ጋር የሰይፉን የውስጥ ታሪክ አልገዛም። ዘንጉ የት ላይ እንዳበቃ፣ ክዳኑ በምን እንደታሰረ አያውቅም። ራስን በሰይፍ መምታት ቢከለከልም ክንድ ይስታል፤ አብዛኛውም ተፋላሚ ያለ ራስ ቁር ነው የሚሰለፈው።

ከትልልቅ ግጥሚያዎች በፊት መሣሪያ ሁሉ ይፈተሻል። ፈታሹ ስለቱን በመዳፉ ይጨምቃል፣ ጫፉን ይጫናል፤ ዘንጉ ከተሰማው ሰይፉ ወደ ሜዳ አይገባም። ሠሪውም የብዙ ሌሊት ድካሙ በአንዲት ደቂቃ ሲወድቅ ያያል። አንዳንዱ ይከራከራል። ሌላው ድንኳኑ ጥላ ሥር ይቀመጥና ጨርቁን ገፎ ስፖንጁን ከጫፍ እስከ እጀታ በቢላዋ ይሰነጥቀዋል። ዘንጉ ደኅና ነው። አሮጌውን ማስቲሽ ይፍቃል፣ አዲስ ስፖንጅ ይለካል።